«ተመስገን፣ ደህና ነኝ»

የወለደችን ሴት በስልክ እንከታተል የሚለውን ሐሳብ አልጠላውም። ከእኛ በላይ ማን ያስፈልገዋል? እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በወለደች በሁለት ቀን ውስጥ የታየች እናት ከመቶ 17 ብቻ ነበረች። በ2019 ቁጥሩ 34 ደረሰ። እጥፍ ሆነ፣ ይበል ያሰኛል። 66ቱ አልታዩም ማለትም ነው።

የርቀት ሕክምና ራሱ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ2007 ጥቁር አንበሳና የነቀምት ሆስፒታል፣ ህንድ በዘረጋችው የመላ አፍሪካ ኔትወርክ አማካይነት ከሃይደራባድ ሐኪሞች ጋር ተገናኝተው ነበር። ያ ግን ሐኪም ከሐኪም የሚያወራበት መስመር ነው፤ ቋንቋቸው አንድ ነው። አሁን የሚታሰበው ኮልፌ አጠና ተራ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የተኛችን አራስ ማነጋገር ነው። እዚህ ላይ የድሮ ሙያዬ ይቀሰቀስብኛል።

በአራስ ቤት «ደህና ነሽ?» ጥያቄ አይደለም፤ ሰላምታ ነው። መልሱም «ተመስገን» ነው፤ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ደግሞ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ገንፎ ሊቀምስ የገባ እንግዳ ፊት «ኧረ ደሙ አላቆመም» የምትል ሴት አላየሁም። ነርሷም ደውላ ያንኑ ከጠየቀች የምታገኘው ያንኑ ጨዋነት ነው። «ደህና ናት» ተብሎ ይመዘገባል።

ለእንዲህ ያለ ጥሪ የተዘጋጀ አንድ የጥያቄ ወረቀት በእጄ ገብቶ አንብቤአለሁ። «ከመጠን ያለፈ የደም መፍሰስ አጋጥሞዎታል?» ይላል። (አጋጥሞዎታል! ለሃያ ዓመት ልጅ!) መጠኑን ማን ነገራት? የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ በዚያ ላይ «ቆሻሻ ደም ነው፣ ይውጣላት» የምትል ትልቅ ሰው አጠገቧ አለች። ከወሊድ በኋላ እናቶችን በብዛት የሚገድለው ደግሞ ይኸው ደም ነው። «ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጨርቅ ቀየርሽ? ጥርግ አድርጎ ርሷል?» ቢሏት ግን ትቆጥራለች። ቁጥር ደግሞ አያሳፍርም፤ አማቷ እየሰማች «አራት» ማለት ትችላለች።

ራስ ምታትም እንዲሁ ነው። የደም ግፊት ከወለዱም በኋላ ሊነሳ ይችላል፤ ኃይለኛ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ምልክቶቹ ናቸው። በእኛ ቤት ግን ስሙ ምች ነው፣ ዳማ ከሴ ይታሽለታል። ዳማ ከሴን አልነቅፍም። ነገር ግን «ምች መታሽ ወይ?» የሚል ጥያቄ የሌለበት ወረቀት ያቺን ሴት ያልፋታል።

ደግሞስ ስልኩ የማን ነው? በብዙ ቤት የባል ነው፤ ጠዋት ኪሱ ገብቶ መርካቶ ይወርዳል። ነርሷ አምስት ሰዓት ላይ ስትደውል የምታገኘው ጭነት የሚያስወርድ ሰው ነው፤ እሱም «ደህና ናት፣ ተኝታለች» ይላል። ሐሰት አልተናገረም፤ ሲወጣ ተኝታ ነበር። እንግዲህ ጥሪው ባል ቤት በሚገባበት ማታ መሆን አለበት፤ «ለእሷ ስጥልኝ» ማለትም ግድ ነው። «ሲያምሽ ደውዪ» ብሎ ቁጥር ሰጥቶ መሸኘትማ፣ መታመሟን ራሷ ለይታ፣ አስፈቅዳ፣ ስልክ ለምና ትደውል ማለት ነው።

የበለጠ የምፈራው ሌላ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ አራስ 24 ሰዓት በጤና ተቋም ቆይታ፣ ከዚያ በኋላ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ትታይ ይላል፦ በ48 እና በ72 ሰዓት መካከል፣ በሁለተኛው ሳምንት፣ በስድስተኛው ሳምንት። አንድ ጥሪ እንደ አንድ ጉብኝት ከተቆጠረ፣ ሪፖርቱ በአንድ ዓመት ያምራል። ስልክ ግን ግፊት አይለካም፣ ሆድ አይዳብስም። ከ2009 ጀምሮ በከተማ ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ነርሶች ተሰማርተዋል። የስልኩ ሥራ ዛሬ የማንን በር ማንኳኳት እንዳለባቸው መንገር ነው። ወጪ ቆጣቢዎቻችን ስልኩን በእነሱ ፋንታ ሊያስቀምጡት ቢያስቡ፣ መጀመሪያ አንድ ቀን አጠና ተራ ወርደው አራስ ይጠይቁ፤ «ደህና ነሽ?» ብለው።