ስሙ ሁለተኛ ሲጠራ

ሀዋሳ መሃል ከተማ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚታተምባቸውና የሚጠረዝባቸው ቤቶች ሽፋኑ ባማረ ጥራዝ የተሞሉ ናቸው። ስለ ኪነ ጥበብና ባህል የተጻፈ ሲደርሰኝ ሽፋኑንም ምስጋናውንም አልፌ አንድ ስም ሁለተኛ ጊዜ የተጠራበትን ቦታ እፈልጋለሁ። በመጀመሪያው ሁሉም ይጠነቀቃል፤ በደንብ የታረመ ጽሑፍ የሚታወቀው በሁለተኛው ነው።

የሲዳማን ዘመን መለወጫ እንውሰድ። አንድ ገጽ ላይ «ፊቼ ጫምባላላ»፣ ሌላው ላይ «ፍቼ ጨምበላላ» ከተባለ ጸሐፊው ካገኘው ምንጭ ሁሉ እንዳለ እየገለበጠ ነው። ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የድምፁ እርዝመትና ጥብቀት እዚያው ይታያል። ጠንቃቃ ጸሐፊ መጀመሪያ እሱን አይቶ፣ ተናጋሪውን ሰምቶ አንዱን ይመርጣል፤ ከዚያ አይወላውልም።

ዓመተ ምሕረትም እንዲሁ ነው። «በዓሉ በ2015 በዩኔስኮ ተመዘገበ» ብሎ እ.ኤ.አ. አለማለት አንባቢን ሰባት ዓመት ያሳስታል፤ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 2008 ነበርና። የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1992 ዓ.ም. ሲቋቋም ስሙ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ነበር። የዚያን ጊዜ ነገር የሚጽፍ ሰው የያኔውን ስም ይጠቀም፤ የአሁኑን አንዴ ካስታወሰ ይበቃል።

በሞክሼ ፊደላት ብዙ አልከራከርም። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን መዝገበ ቃላታቸውን «ዐዲስ» ብለው በዐይኑ ዐ ሰይመውታል፤ ዛሬ ብዙው ሰው በአልፋው አ ይጽፋል። «ሠዓሊ» ያለም «ሰዓሊ» ያለም እስከ መጨረሻው ይጽና እንጂ ሁለቱም ያስኬዳሉ። የሰው ስም ግን ለምርጫ አይቀርብም፤ ባለቤቱ በጻፈበት ፊደል ይጻፋል። ሐዲስ ዓለማየሁን «ሃዲስ አለማየሁ» ማለት ግዴለሽነት ነው። በዋቢ ዝርዝር ውስጥ «ዓለማየሁ፣ ሐ.» ማለት ደግሞ ይብሳል፤ ፍቅር እስከ መቃብርን የጻፉት ሐዲስ እንጂ አባታቸው አይደሉም። የውጭው አጻጻፍ የቤተሰብ ስም ላለው ሕዝብ የተሠራ ነው፤ የእኛ ሰው በራሱ ስም ፊደል ተራ ይግባ።

ከሁሉ በላይ የምመዝነው አንቱታን ነው። አንድ ደራሲ «ጻፉ» ተብለው ሦስት መስመር ሳይሄድ «ይላል» ከተባሉ እርማቱ ቸልታ አለበት። ምሁሩ «ገለጹ» ተብለው፣ ከዋክብት አይተው የፊቼን ቀን የሚለዩት አያንቶ «ተናገረ» ከተባሉ ግን ስህተቱ የሰዋስው ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለውን ጥራዝ፣ ሌላው ሁሉ ንጹሕ ቢሆንም፣ ለእርማት እመልሰዋለሁ።