የመጽሔትን ንባብ በገበታ ላይ ስለ መቍጠር

ቤተ መጻሕፍት በውሰት የሚወጣውን መጽሐፍ በመዝገብ ይቈጥራል። መጽሔት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ስለማይወጣ፣ መነበቡን የሚመሰክር መዝገብ የለም። ስለዚህ «ያነበባችሁትን ወደ መደርደሪያው አትመልሱ» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፍና በገበታ ላይ የቀረው ይቈጠራል፤ ከዚህም ቍጥር ተነሥቶ የትኛው መጽሔት እንዲቀጥል፣ የትኛውም እንዲቋረጥ ይፈረዳል። ፍርዱ በምን ላይ እንደ ቆመ መመርመር ይገባል።

በዚህ ረገድ ብዙ ክርክር ያስነሣው አሌን ኬንትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው። በ1969 ወደዚያ ቤተ መጻሕፍት ከገቡት መጻሕፍት 40 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ 6 ዓመታት አንድ ጊዜም አልተዋሱም አለ። ተቺዎቹ በቤት ውስጥ የተነበበው በናሙና ብቻ ስለ ተቈጠረ ብዙው አምልጧል ብለው ተቃወሙ። ተቃውሞው እውነት አለው። አንባቢ ማስታወቂያውን ቢያይም ያነሣውን ወደ ስፍራው መመለስ ልማዱ ነው፤ በእኛ አገር እንኳን ለመጽሐፍ ለመጠጫም ዕቃ ይህ የጨዋ ልጅ ምልክት ነው። ቆጠራው እንግዲህ ጨዋውን ትቶ ግዴለሹን ይመዘግባል።

ከዚህ የሚብሰው ግን አንድ ጊዜ መገለጥን አንድ ንባብ ነው ማለት ነው። ኮን የምትገኝበት ዋድላ በቅኔ ትምህርት የታወቀ አገር ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል እንጂ መጽሐፍ አይገልጥም። በትርጓሜ ቤትም አንዱ ንባቡን ያነባል፣ መምህሩ ይተረጕማል፣ የቀሩት ያዳምጣሉ፤ መጽሐፉ አንድ፣ ተጠቃሚው ግን ሃያ ቢሆን አያስደንቅም። አንድ ድርሰት ፎቶ ኮፒ አስነሥተው የሚቀባበሉት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ከዚህ ብዙ አይርቁም።

መደርደሪያው ለአንባቢ በተዘጋበት ቤት የመጠየቂያው ወረቀት ስለሚቀር ቆጠራው ይሻላል። ቢሆንም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኢትኖሎጂ ማኅበር ቡሌቲን እንዴት ይቈጠራል? እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1961 የወጡት ቍጥሮች በ2002 በአሉላ ፓንክረስት አዘጋጅነት እንደገና ታትመዋል። አንባቢው አዲሱን እትም ይዞ ሲሠራ፣ በአሮጌው ቅጂ አንጻር የሚጻፈው ዜሮ ነው።

ቆጠራው የትኛው መጽሔት ቶሎ እንዲጠረዝ፣ የትኛውም ለአንባቢ ቀርቦ እንዲቀመጥ ለመወሰን ይረዳል፤ ይህን አንክድም። ለማቋረጥ ግን ማስረጃ አይሆንም። ስለ ላስታ የተጻፈበትን ቍጥር ከኮን ስለ አገሩ ሊጽፍ የመጣ ተማሪ በ3 ዓመት አንድ ጊዜ ቢጠይቀው፣ ወር ሙሉ ቢሠራበትም፣ በመዝገቡ የሚገኘው አንድ ጭረት ብቻ ነው።