ኢቃማዋ ማን ጋ ነው?

ሐሙሲት የሐሙስ ከተማ ናት። ሐሙስ ሲሆን ከባሕር ዳር ወደ ወረታና ጎንደር የሚያልፈው አስፋልት ግራና ቀኙ በሽንኩርት ጆንያ፣ በዶሮ፣ በአህያና በሰው ይጨናነቃል። የሚኒባስ ረዳቱ «ወረታ! ወረታ!» እያለ ይጮሃል። የመጀመሪያ አጭር ልብ ወለዴን ለሰው ያነበብኩት በዚያ ጫጫታ መሀል ነው፤ ለአክስቴ ልጅ፣ በስልክ፣ በድምፅ መልእክት ቆራርጬ። እሷ ያኔ ሪያድ ነበረች፣ የሰው ቤት ሠራተኛ። ታሪኩም ያው ስለ እሷ ነበር ማለት ይቻላል። ዐረብ አገር ያለች ልጅ ማታ ኩሽና መስኮት ሥር ቆማ የፎገራን ሜዳ እያሰበች ታለቅሳለች። ሩዙን አስገብቼበታለሁ፣ የጉማራን ወንዝ አስገብቼበታለሁ፣ እንባም አላጎደልኩም። ጓደኞቼ ወደውት ነበር።

መልሷ የመጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ሰው እንዳይሰማባት በሹክሹክታ «ወንድምዓለም፣ ጥሩ ጽፈሃል» አለችኝ። ትንሽ ዝም ብላ፣ «ግን ልጅቱ ኢቃማዋ ማን ጋ ነው?» ብላ ጠየቀች።

የምመልሰው አልነበረኝም። ስም ሰጥቻታለሁ፣ እናት ሰጥቻታለሁ፣ ናፍቆት ሰጥቻታለሁ። የመኖሪያ ፈቃድ ግን አልሰጠኋትም። ለአክስቴ ልጅ ደግሞ ያለዚያ ካርድ የቀረው ሁሉ ትርጉም አይሰጥም። ካርዱ በእጇ ከሆነ መስኮቱ መስኮት ነው፤ በሩን ከፍታ መውጣትም ትችላለች። ካርዱ አሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ ከሆነ ያቺ ልጅ የምታለቅሰው በናፍቆት ብቻ አይደለም። ያንን ሳላውቅ ነው ያስለቀስኳት።

ከዚያ ወዲህ ስለ ስደት የተጻፈ ነገር ሳነብ፣ ፊልምም ሳይ፣ ይህን ጥያቄ ይዤ ነው የምገባው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ብዙ የምንወዳቸውን ሥራዎች ግን ያስጨንቃቸዋል። እስቲ በቅደም ተከተል ልሞክረው።

ከሥሩ እንጀምር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ሰው ነው፤ ከእኛ ጋር የአንድ ጣና ልጅ ማለት ነው። በተለምዶ «ጦቢያ» የምንለው «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. ሮም ታተመ። አፈወርቅ ያኔ ኔፕልስ አማርኛ ያስተምር ነበር። እዚህ ላይ ቆም በሉ፦ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የተጻፈው በሰው አገር ተቀጥሮ በሚሠራ ሐበሻ እጅ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ስለ ኔፕልስ አንድ ቃል የለም። ዘመኑም አገሩም በውል የማይታወቅ ተረት መሰል ዓለም ነው።

ግን ታሪኩን ልብ በሉ። አንድ የጦር አለቃ ይማረካል፤ አንድ ነጋዴ ዋጋ ከፍሎ ያስለቅቀዋል። ልጁ ዋሕድ ያንን ባለውለታ ፍለጋ ከቤት ይወጣል፣ በመንገድም ባሪያ ነጋዴዎች እጅ ወድቆ ይሸጣል። የቤተሰቡን ውለታ ሊመልስ የወጣ ልጅ ራሱ ዕቃ ሆኖ ይቀራል። የአክስቴ ልጅ የወጣችው ጊደርና የዓመት ሩዝ ተሸጦ፣ በላዩ ላይ ብድር ተጨምሮበት ነው። «ጦቢያ»ን ስነግራት «ይሄማ የእኛ ሰፈር ወሬ ነው» አለችኝ። አፈወርቅ ለጥያቄዋ መልስ አለው፤ ዋሕድን ማን እንደያዘው፣ በምን ዋጋ እንደሚለወጥ አይሸሽገንም። የመቶ ዓመቱ ተረት ከእኔ ዘመናዊ ታሪክ ይልቅ ስለ ጉዳዩ የሚያውቀው ነገር ነበር።

ቀጥሎ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም»፣ 1925 ዓ.ም.። አወቀ የሚባል የተጉለት ልጅ ፓሪስ ሄዶ ተምሮ ይመለሳል። ከተመለሰ በኋላ በተዝካር ድግሱ፣ በሠርጉና በልማዱ ከዘመዶቹ ጋር ይጋጫል። የኅሩይ ጭንቀት «የተማረው ልጅ ለአገሩ ምን ይዞ ይመጣል?» የሚል ነው፤ የዘመኑ ትልቅ ጥያቄ ስለነበር አልፈርድበትም። ነገር ግን እዚህ መጽሐፍ ላይ አንድ ልማድ ተተከለ፦ ውጭ አገር ማለት ትምህርት ቤት ነው፤ ሄያጁ ወንድ ነው፤ ድራማው ያለው መመለሱ ላይ ነው። ፓሪስ በማን ፈቃድ እንደኖረ አይጠየቅም።

ይህ ልማድ እስከ ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ድረስ ዘልቋል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣውን ይህን ፊልም የእኛ አካባቢ ሰው ሲያየው ሆዱ ይባባል፤ የጣና ዳር ጭጋግ፣ የእናት ድምፅ፣ ልጁን ለውትድርና እንዳይወስዱበት የሚሸሸግ ሰው። አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ ደርግን አይቶ፣ በምሥራቅ ጀርመን የዘረኞች ጥቃት እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። ከሁሉ በላይ የምወደው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኃይሌ ለጥያቄያችን ግማሽ መንገድ ይመጣል፦ ሰው አገር ውስጥ ያለ ጥቁር አካል በማንኛውም ሌሊት ሊደበደብ እንደሚችል ያሳያል። ነገር ግን አንበርብርን የሚሰብሩት ታሪክና ርዕዮተ ዓለም ናቸው። ምሁር ነው፤ የሚያነጋግረው ጓደኛ፣ የሚጨቃጨቅበት ስብሰባ አለው። ለስድስት ወር ከቤት ወጥታ የማታውቅ ልጅ በዚህ ፊልም መስታወት ውስጥ ራሷን አታገኝም። መንደሩን ታገኘዋለች፣ ራሷን አይደለም።

ዲናው መንግሥቱ በ2007 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ባሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ወደ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠጋል። ሰፋ እስጢፋኖስ ዋሽንግተን፣ ሎጋን ሰርክል አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለው። ከኬንያዊና ከኮንጎያዊ ጓደኞቹ ጋር ቁጭ ብሎ የአፍሪካ መፈንቅለ መንግሥቶችን በጨዋታ ይቆጥራል። አጎቱ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ደብዳቤ ይጽፋል። ሰፋ በትንሹም ቢሆን «ባለሀብት» ነው፤ በሰው አገር ገንዘቡን አፍስሶ በር ከፍቷል። የመጽሐፉ ኀዘን ግን ወረቀት ኖሮህም፣ ሱቅ ኖሮህም፣ የትም አለመሆንህ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ግን የሁለተኛው ፎቅ ኀዘን ነው። የአክስቴ ልጅ ገና ደረጃው ሥር ናት።

ታዲያ ጥያቄዋን ሙሉ በሙሉ የመለሰው ማን ነው? እኔ ያገኘሁት ሴኔጋላዊ ነው። ኡስማን ሴምቤን በ1966 እ.ኤ.አ. የሠራው ፊልም ውስጥ ዲዋና የምትባል ልጅ ከዳካር ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ አንቲብ ትሄዳለች። ልጅ እጠብቃለሁ ብላ ሄዳ ምግብ አብሳይ፣ ልብስ አጣቢ፣ ወለል ወልዋይ ሆና ትቀራለች። አንድ ቀን ከቤት ደብዳቤ ይመጣል። እሷ ማንበብ አትችልም። ጌታው ያነብላታል፣ ከዚያ ወረቀት አውጥቶ መልሱን በእሷ ስም መጻፍ ይጀምራል። እሷ አጠገቡ ቆማ ዝም ብላለች። አሠሪዋ «እኔ»ዋን እየጻፈላት ነው። ይህን ትዕይንት ለአክስቴ ልጅ ስተርክላት «ውሉም እንደዚያ ነበር» አለች። ምንም አልጨመረችም።

ወደ ውሉ ልግባ፤ እሱም ጽሑፍ ነውና ሒስ ይገባዋል።

እዚህ ሐሙሲት ውስጥ የመውጫ በሮቹ በትምህርት ደረጃ የተከፋፈሉ ናቸው። በጥቅምት ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት ይለጠፍ ነበር። ዲቪ ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያጠናቀቀ፣ አለዚያም ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ የሁለት ዓመት ልምድ ያለው ሰው ይፈልጋል። የአክስቴ ልጅ ያቆመችው ስምንተኛ ላይ ነው። ለእሷ ዓይነቱ የተከፈተው በር የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ነው። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ሕጋዊ ወረቀት የላቸውም ያለቻቸውን ማባረር ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። መንግሥትም ጉዞውን አገደ። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሠራተኛዋ ስምንተኛ ክፍል እንድትጨርስ፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫም (ሲኦሲ የምንለውን) እንድትይዝ አዘዘ። የመግቢያ ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱንና የመኖሪያ ፈቃዱን ወጪም በአሠሪው ላይ አደረገ።

በወረቀት ጥሩ ነው። ጊደሯ ግን ተሽጣለች። ደላላው የወሰደው ብር ውሉ ውስጥ የለም፤ ውሉ ውስጥ ስለሌለም ለማንም መክሰስ አልቻለችም። ኢቃማው ሲመጣ አሠሪዋ ጋ ቀረ። ኢቃማ የሚወጣው በአሠሪው፣ በከፊሉ ስም ነው። ትታ ብትወጣ «ሁሩብ» ብሎ ሊያስመዘግባት ይችላል፤ ጠፍታለች ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሕገ ወጥ ልትባል ትችላለች። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ሳዑዲ ሥራ መቀየርን የሚያቀል ማሻሻያ ስታደርግ የቤት ሠራተኞችን አላካተተችም።

እዚያው አገር ሌላ ኢቃማ አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ልዩ የመኖሪያ ፈቃድ ከፊል አይጠይቅም። የዘላቂው ክፍያ 800 ሺህ ሪያል ነው፤ የአንድ ዓመቱ 100 ሺህ። በወር 1,000 ሪያል የምታገኝ የቤት ሠራተኛ አንድ ሳንቲም ሳትበላ ብታጠራቅም ከከፊል ነፃ የምትሆነው ከ66 ዓመት በላይ ሠርታ ነው። ይህን ስሌት ያሰላሁት ሐሙስ ቀን፣ በሽንኩርት ነጋዴ ካልኩሌተር ነው። ከጻፍኩት ልብ ወለድ ሁሉ የበለጠ ድራማ ያለው ይህ ቁጥር ላይ መሰለኝ። አንድ አገር፣ አንድ ቃል፣ ኢቃማ፤ ለአንዱ ቁልፍ፣ ለአንዷ ማሰሪያ።

የሚመጣብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «ሥነ ጽሑፍ ኤምባሲ አይደለም። ሰው ልብ ወለድ የሚያነበው አዋጅ ቁጥር ለማወቅ ነው እንዴ?» አይደለም። ግን ሐዲስ ዓለማየሁን አስታውሱ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም የሰብለንና የበዛብህን ፍቅር ብቻ ይዞ አልመጣም። ፊታውራሪ መሸሻ ጭሰኞቹን ምን እንደሚያስገብሩ፣ ከልማዱ በላይ ሲጠይቁ ባላገሩ እንዴት እንደሸፈተባቸው ይተርካል። ማን ለማን ምን እንደሚከፍል ባናውቅ የጉዱ ካሳ ንግግር ባዶ ጩኸት ይሆን ነበር። መጽሐፉ የግብር ሰነድ አልሆነም። ፍቅሩም አልቀነሰም፤ እንዲያውም የማይቻለው ለምን እንደሆነ የገባን በዚያ ነው። ባለርስትን እንዲህ ያነበበ ሥነ ጽሑፍ ከፊልን ማንበብ ለምን ያቅተዋል?

እኔ የምጠረጥረው ምክንያት እንባ ስለሚቀል ነው። በየፊልሙና በየዘፈን ክሊፑ ዐረብ አገር ያለችው ልጅ ታለቅሳለች፤ እኛም እናለቅሳለን፤ ሁላችንም ጥሩ ሰው ሆነን ወደ ቤታችን እንገባለን። ደላላው ማልቀሳችን አይጎዳውም። ኧረ እሱም አብሮን ያለቅስ ይሆናል። ካርዱ የት እንዳለ፣ ጊደሯ በስንት እንደተሸጠች፣ ውሉ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ ስንጠይቅ ግን ታሪኩ ውስጥ ሌሎች ሰዎች መግባት ይጀምራሉ። ከነሱ አንዳንዶቹ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ምናልባት የምንፈራው ይህን ነው። የእኔም ታሪክ መስኮቱ ሥር የቀረው ለዚህ ይመስለኛል፤ ደላላውን ብጽፈው ሰዎች የሚያውቁት ሰው ይሆን ነበር።

የአክስቴ ልጅ አሁን እዚህ ናት። ቤት ቀየረች፣ ወረቀት አልባ ሆነች፣ ተይዛ ተመለሰች። ሐሙስ ሐሙስ ከእናቷ ጋር ሽንኩርት ትሸጣለች። ባለፈው ሳምንት የታጠፈ ወረቀት ከመቀነቷ አውጥታ ሰጠችኝ። አዲስ ውል ነው፤ ለሌላ አገር። «አንተ አንባቢ ነህ፤ አንብብልኝ» አለች። «እታለም፣ ልትሄጂ ነው?» አልኳት። «መጀመሪያ አንብበው» አለችኝ።

ጆንያው ላይ ተቀምጠን መስመር በመስመር አነበብነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስለ መኖሪያ ፈቃዱ የሚል አንቀጽ አለ፤ አሠሪው ያወጣል፣ ያሳድሳል ይላል። ማን ጋ እንደሚቀመጥ አይልም። በእስክሪብቶ አሰመርኩበትና ከጎኑ የእሷን ጥያቄ ጻፍኩ። ወረቀቱን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ መለሰችው። ከመፈረሟ በፊት ኤጀንሲውን ልትጠይቅ ነው። እኔ ደግሞ ያንን ታሪክ ከመጀመሪያው እየጻፍኩት ነው። እስካሁን የደረስኩት ጊደሯ ገበያ እስክትወጣ ነው፤ ልጅቱ ገና አላለቀሰችም።