ውዳሴ ለጋሼ ፍሬን

በድሬዳዋ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር የታደማችሁ፣ ከዕድራችንም ከጎረቤቶቻችን አፎሻም ተሰባስባችሁ ድንኳን የጣላችሁ፣ ከጅቡቲ ሌሊቱን ተጉዛችሁ የገባችሁ፣ ከሐረር የወረዳችሁ፣ ከሸገር የመጣችሁ ወገኖቼ፤ ዛሬ አርባኛ ቀኑ ነው። ለቅሶው ወጥቷል፤ እንባውም ፈስሷል። ለአርባው የቀረው ምስጋና ነው፤ ምስጋናው የእኔ ዕዳ ስለሆነ ተነሥቼ ቆሜአለሁ።

ጋሼ፥ በአንተታ ልጠራህ ነው። የደጋ ሰዎች አትፍረዱብኝ። በሌላው አገር ታላቅን፣ ያውም ያረፈን ታላቅ፣ «አንተ» ማለት ነውር ነው። ድሬዳዋ ላይ ግን አንቱታ ለእንግዳ የሚቀርብ ወንበር ነው፤ የቤት ሰው አይቀመጥበትም። «እርስዎ» ብሎ የሚጠራህ ሰው ሲመጣ አንተ ራስህ ዞር ብለህ ከኋላህ የቆመውን ሽማግሌ ትፈልግ ነበር። በጸሎት ጊዜ ፈጣሪንስ «አንተ» እንለው የለ? እንግዲያውስ ከዚህ የሚበልጥ ማዕረግ ከየት አምጥቼ ልስጥህ!

አንተ የብረት ሐኪም፣ በመዶሻህ ጫፍ ሕመሙን የምታዳምጥ! አንተ የስምንት ልጆች አባት፣ ሦስቱን ከአብራክህ፣ አምስቱን ከወንድምህ መቃብር አፋፍ የተቀበልህ! እጅህ እስከ ክርን ቅባት፣ ሸሚዝህ እስከ አንገት ቁልፍ! የድሬ ፀሐይ ድንጋይ በሚያተኩስበት ቀን እንኳ አንገትህን ያልከፈትህ፣ በርህን ግን ያልዘጋህ!

የጥንት ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል ተባሉ። ፈረስ የገራ በፈረሱ ከተጠራ፣ ባቡር የገራ በምን ይጠራ? የሊቃውንት ጉባኤ ሳያስፈልገው የሰፈር ልጅ መለሰው፤ «ጋሼ ፍሬን» አለህ። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። ቆይቶ ግን ደብዳቤ ሁሉ በዚሁ ስም ይደርስህ ጀመር፤ ፖስታ ቤትም አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

እነሆ፣ የአንተ የዘር ሐረግ ከዚያው ከአባ ዳኘው ይነሣል። በ1886 ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ፈቃድ ሰጡ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን ሰንጥቆ ሲመጣ ያለመው ሐረርን ነበር። ተራራው ግን ከበደው፤ ወጪውም ከበደ። ስለዚህ በ1895 ከተራራው ግርጌ፣ የደቻቱ ወንዝ አሸዋውን በሚያነጥፍበት ሜዳ ላይ አረፈ። የደከመ መንገደኛ ጓዙን እንደሚያወርድ ሐዲዱም ከተማ አወረደ፤ በመጀመሪያው ሰሞን አዲስ ሐረር ያሏት፣ ኋላ ድሬዳዋ የሆነችው ከተማ ይህች ናት። ድሬ የባቡር ልጅ ናት፤ አንተ የድሬ ልጅ ነህ፤ እንግዲህ አንተ የባቡር የልጅ ልጅ ነህ።

በ1958 ዓ.ም.፣ በዐሥራ ስድስት ዓመትህ፣ ወደ ፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ጋራዥ ገባህ። የመጀመሪያው ሥራህ የብረት ብናኝ መጥረግ ነበር። ሁለተኛው ማዳመጥ ሆነ። ይህን ሁለተኛውን ለማያውቁት ላስረዳ። ባቡር ቆሞ ሳለ ሠራተኛው ረጅም እጀታ ያለው መዶሻ ይዞ እያንዳንዱን ጎማ መታ እያደረገ ያልፋል። ጤነኛ ብረት እንደ ደወል ይጠራል፤ የተሰነጠቀ ብረት እንደ ሸክላ ይደነቁራል። ዓይን ያላየውን ስንጥቅ ጆሮ ያገኘዋል። አንተ ይህን ጆሮ ይዘህ ወደ ቤት መጣህ። ከእኛ አንዱ ከትምህርት ቤት ገብቶ «ደኅና ነኝ» ሲል ድምፁን ታደምጥ ነበር፤ ካልጠራ ምሳህን ትተህ ይዘኸው ወደ ጓሮ ትወጣለህ። እዚያ ምን ትባባሉ እንደነበር የምታውቁት ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ።

ከዚያ ፍሬን ተሰጠህ፤ ፍሬንም ለአንተ ተሰጠ። ከአዲስ አበባው ለገሃር እስከ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ይህ ሁሉ መንገድ ከእንጦጦ ሥር ተነሥቶ ከ2000 ሜትር በላይ ይወርድና ባሕር ይነካ ነበር። የባቡር ሹፌር በፊሽካው ይታወቃል፤ ትኬት ቆራጭ በኮፍያው ይታወቃል፤ ፍሬን የሚጠግነውን ማን ያውቀዋል? አንተ ግን እንዲህ ትል ነበር፦ «ሽቅብ ሲሆን ሞተር ይመሰገናል፤ ቁልቁል ሲሆን ግን ሰው የሚደርሰው በእኔ ነው።» ትዕቢት አልነበረም፤ የሥራ ድርሻህን መናገርህ ነበር።

አባቴ፣ ወንድምህ፣ በ1966 ሲያርፍ አንተ የሃያ አራት ዓመት ሙሽራ ነበርህ። ዘመድ ተሰብስቦ «አምስቱን እንከፋፈላቸው» አለ። ክፉ አስበው አልነበረም፤ ሸክሙ ለአንድ ሰው እንዳይከብድ ብለው ነው። አንተም፣ ይህን ከሙሽራይቱ አፍ ነው የሰማሁት፣ «ፉርጎ በየጣቢያው አይፈታም፤ እንደ ተቀጠለ ይምጣ» ብለህ መለስህ። እንደ ተቀጠልን መጣን። እርሷም በሩን ከፈተች። የእርሷ ውዳሴ ለብቻው ሌላ ቀን ይፈልጋልና ዛሬ አልነካውም፤ አጠገቤ ተቀምጣ እየሰማችኝ ነው፤ ዝም በል ትለኛለች።

ከዚያ የእራት ሥርዓትህ ተጀመረ። ለእያንዳንዳችን የጣቢያ ስም ሰጠኸን፤ በዕድሜ ተራ፣ ከላይ ወደ ታች፦ አዳማ፣ ወለንጪቲ፣ መተሃራ፣ አዋሽ፣ አፍደም፤ ኋላም የራስህ ሦስቱ ሲወለዱ ቢኬ፣ ኤረር፣ ሁርሶ። እኔ አፍደም ነኝ። ማታ ማታ ትሪው ከቀረበ በኋላ ትጠራለህ፤ እያንዳንዳችን «አለ!» እንላለን። አንድ ጣቢያ ካልመለሰ ባቡሩ አይነሣም፤ ባቡሩ ካልተነሣ እንጀራው አይቆረስም። ወጡ ይቀዘቅዛል፤ አንተ ግን ኮትህን ደርበህ የጎደለውን ጣቢያ ፍለጋ ወደ ቀፊራ ገበያ ትወጣለህ። ከፊታውራሪ እስከ ቄስ ገበዝ በስም የሚታወቅ ሹመት በዚህ አገር ሞልቷል፤ እኔ ግን በሕይወቴ ከአፍደምነት የሚበልጥ ሹመት አላገኘሁም።

በነሐሴ 1969 የሲያድ ባሬ ጦር ድሬ ደጃፍ ሲደርስና መድፉ ሲያጓራ፣ ያኔ ስድስት ነበርን፤ ቢኬ ገና ጡት ላይ ነበር። ወዴት ወሰድኸን? ሎኮሞቲቭ ከሆዱ በታች በሚታይበት የጋራዡ ጉድጓድ ውስጥ አስገባኸን፤ ከላያችን ያንን የሚያህል ብረት አቆምህ። ከዚያ ጊዜ የማስታውሰው የናፍጣና የቅባት ሽታ፣ አንተም ከላይ ሆነህ በመዶሻ ብረቱን ቀስ ብለህ ስትመታ ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እኛም ከታች «አለ!» እንል ነበር። ጦርነቱ አልፎ ሐዲዱ ሲጠገን ከመጀመሪያዎቹ መካከል ነበርህ፤ ስለዚያ ግን ማንም ሲጠይቅህ «ቡሎን አጠበቅሁ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣህም።

አሁን ደግሞ ድምፄን ዝቅ ላድርግ። በጥር 1977 ከአዋሽ አጠገብ፣ ኩርባው ድልድይ ላይ፣ ፍጥነቱን ያልቀነሰ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። አንተን ማንም አልጠየቀህም፤ የምትጠየቅበትም ነገር አልነበረም። ሦስት ቀን ግን አልበላህም። በአራተኛው ማታ ጥሪህን ጀመርህ፦ አዳማ። ወለንጪቲ። መተሃራ። ከዚያ ዝም አልህ። ዝምታህ ረዘመ፤ እኅታችን «አለ» ለማለት አፏን ከፍታ ቀረች። ቀጥሎ በክርስትና ስሟ ጠራሃት። ከዚያ ሌሊት ወዲያ እስከ ዕለተ ሞትህ ድረስ አራተኛዋን በጣቢያ ስም ጠርተሃት አታውቅም። ከዚያ ወዲህም የመንገደኛ ባቡር ፍሬን ሲፈተሽ ተራህ ሆነም አልሆነም በቦታው ነበርህ። የእረፍት ቀንህ እንደነበረ የሚያውቁ ሰዎች አሁን እዚህ ተቀምጠዋል፤ ይመስክሩ።

ደግሞስ ታማኝነትህ! የዚያ መሥመር ኮንትሮባንድ የአደባባይ ምሥጢር ነበር፤ ጨርቁ በቀሚስ ሥር፣ ሽቶው በሽንኩርት ከረጢት ይገባል። ሰው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ያውቅ ነበር፤ አልፈርድም፣ ስንት እናት በዚያ ልጅ አሳድጋለች። አንተ ግን የስምንት ልጅ አልጋ በይደህ ስትሠራ የወዳደቀውን ብረት እንኳ ከመሥሪያ ቤቱ በደረሰኝ ገዝተህ ነው። ደረሰኙን በዳዊትህ ውስጥ አኖርኸው። ባለፈው ሳምንት ከፍተን አየነው፤ ቀለሙ ደብዝዟል፣ ማኅተሙ ግን ይነበባል። አልጋዎቹን በዘጠኝ ሰዓት ፊሽካ እስኪነፋ፣ ከተማው ሁሉ በሙቀቱ ጋደም በሚልበት በቀትር ሠራሃቸው። የአንተ የቀትር እንቅልፍ የት እንደ ገባ እኛ እናውቃለን፤ ተኝተንበት አድገናል።

ያለ ነቀፋ የሚወደስ ሰው አይታመንምና አንድ ጉድለትህን ልናገር። የሚጣል ነገር አታውቅም ነበር። ዐሥራ አራት ጣሳ ሙሉ ዝገት የበላው ቡሎን ትተህልናል። ከዚህም ሌላ ዘፈን አትችልም፤ በሠርጋችን ሁሉ ግን ዘፍነሃል።

በ2000 ገደማ የአዲስ አበባው ባቡር ጸጥ አለ። አርባ ሁለት ዓመት ሠርተህ ጡረታ ወጣህ፤ ግን ማለዳ ምሳ ዕቃህን አንጠልጥለህ እስከ ጋራዡ በር ትሄድና ከዘበኞቹ ጋር ሻይ ጠጥተህ ትመለስ ነበር። ምሳ ዕቃው ውስጥ ምሳ እንዳልነበረበት ያወቅነው ኋላ ነው፤ ለልጅ ልጆችህ ሙሸበክ የተባለውን ጣፋጭ ገዝተህ የምትመለስበት ነበር።

በመስከረም 2009 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ «ውሰደኝ» አልኸኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ጣቢያ ቆምን። ሐዲዱን በእግርህ ለካህ። የአንተው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ ይህኛው 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ነው። ራስህን ነቀነቅህ። ያዝናል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንተ ግን አንዱን ወጣት ቴክኒሻን ጠርተህ አንዲት ጥያቄ ጠየቅኸው፦ «ፍሬኑ በምን ይሠራል?» ልጁም፣ እግዚአብሔር ይባርከው፣ ሳይሰለች ሃያ ደቂቃ አስረዳህ። ማታ ለጣቢያዎቹ ሁሉ ስልክ ደውለህ ያንኑ ሃያ ደቂቃ ሁለት ሰዓት አድርገህ አስረዳኸን። «ይደርሳሉ» ብለህ ዘጋህ።

ስለ ሞትህ አላወራም፤ አጭር ነበር፣ ማንንም አላስቸገርህም። ስለ ቀብርህ ግን ይህን ልበል። ስትወጣ ቃሬዛህን ከፊት የያዙት የዕድራችን ሰዎች፣ ከኋላ የያዙት የአፎሻው ሽማግሌዎች ነበሩ። በመካከሉ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሐረሪኛ፣ በአማርኛ ተለቀሰልህ፤ አንተ በአራቱም ስትሳደብ ስለኖርህ አራቱም ያውቁሃል።

ጋሼ፣ ትናንት ለአርባህ ቤቱን ስናሰናዳ የሁርሶ ታናሽ ልጅ፣ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ያንን ረጅም እጀታ መዶሻህን ከበሩ ኋላ አገኘችው። ማንም ሳይነግራት በስምንቱ አልጋዎች መካከል እየዞረች እግራቸውን ትመታ ጀመር። አዳማ ጠራ። ወለንጪቲ ጠራ። መተሃራ ጠራ፣ አራተኛዋም ጠራች። የእኔው ላይ ስትደርስ ድምፁ ደነቆረ። ሁላችን ሥራችንን ትተን ገባን። አልጋውን ገለበጥነው፤ አንዱ ቡሎን ላልቷል። ከዐሥራ አራቱ ጣሳ ልኩን ለማግኘት ሰባተኛው ላይ ደረስን። ሴቶቹ ከውጭ «ምግቡ ቀዘቀዘ!» እያሉ ይጣራሉ፤ ከእኛ መካከል የተነሣ ማንም የለም፤ ቡሎኑ ገና አልጠበቀም ነበር።