ፈላጊው «እኔ» በሂዩም ድርሰት

ዕውቀት ሁሉ ከልምድ ይመነጫል ካልን፣ «ራስ» የምንለው ከየትኛው ልምድ ተገኘ? ጆን ሎክ እ.ኤ.አ. በ1694 የሰውን ማንነት በንቃተ ኅሊና ላይ መሥርቶ ነበር። ዴቪድ ሂዩም ግን እ.ኤ.አ. በ1739 ባሳተመው «ስለ ሰብአዊ ተፈጥሮ» በተሰኘው ሥራው፣ ወደ ውስጡ ሲመለከት ሙቀትን ወይም ቅዝቃዜን፣ ፍቅርን ወይም ጥላቻን እንጂ እነዚህን የሚሸከም «ራስ» እንዳላገኘ ይተርካል። ራስ ለእርሱ የተከታታይ ስሜቶችና ሐሳቦች ጥቅል ነው።

የእኔ ጥያቄ የሥነ ጽሑፍ አንባቢ ጥያቄ ነው፤ ይህን የሚተርክልን ማን ነው? በአማርኛ «ፈለግሁ፣ አጣሁ» ስንል ባለቤቱን ከግሱ ነጥለን ማውጣት አንችልም። እርግጥ ሰዋስው የነፍስን መኖር አያረጋግጥም። ሆኖም ፍለጋውን ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው የሚያያይዝ ነገር ከሌለ፣ «አላገኘሁም» ብሎ የሚደመድም አይኖርም። ሂዩም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1740 በጨመረው አባሪ፣ ጥቅሉን የሚያስተሳስረውን ማስረዳት እንደተሳነው አምኗል።

የድርሰቱ ጥንካሬ በዚህ እምነት ቃል ላይ ይመስለኛል። እኛም በአንደኛ መደብ የተተረከ ልቦለድ ስንመረምር፣ «እኔ» ባዩን አስቀድሞ እንዳለቀለት ሰው መቀበል የለብንም። ትዝታዎቹ በምን ተሳሰሩ ብለን እንጠይቅ፤ የገጸ ባሕርዩ ሕይወት ያለው ከማሰሪያው ላይ ነውና።