መቋሚያ

ሌሊቱን ሙሉ ለሚቆም ሰው መቋሚያ ምርኩዝ ነው፤ ማኅሌት ላይ ግን አብሮ ይዘምራል። ሁልጊዜ የሚደንቀኝ፣ ጉልበታቸው የዛለ አባት ዝማሜው ሲጀመር ድካማቸው የት እንደሚገባ ነው። መቋሚያው ከትከሻቸው ይወርዳል፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ጸናጽሉ ይከተላል፤ ከበሮው በርጋታ ይነሣና እየጋለ ይሄዳል። አእምሮም ሥራ አይፈታም። ዜማው በቃል የተያዘ ነው፤ ከኋላው ቁራሽ እየለመኑ፣ ደበሎ ለብሰው የተማሩባቸው የቆሎ ትምህርት ቤት ዓመታት አሉ። ሰውነት፣ እውቀትና ጸሎት እንዲህ ሲገናኙ ሌላ ቦታ አላየሁም።

መሪጌታውን ደግሞ ልብ በሉ። ከሌሎቹ እኩል ይቆማሉ፣ እኩል ይጾማሉ። አንዱ ወጣት ዜማው ሲጠፋበት ዞር ብለው አይገሥጹትም፤ ድምፃቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው ያነሡለታል፣ እሱም ይቀበላቸዋል።