ቃል ሲከዳ

በደብሊን ተወልዳ እንግሊዝ አገር ያደገችው አይሪስ መርዶክ «ጃክሰንስ ዲሌማ» የተሰኘውን የመጨረሻ ልቦለዷን ያሳተመችው በ1995 እ.ኤ.አ. ነበር። በ1978 በ«ዘ ሲ፣ ዘ ሲ» የቡከርን ሽልማት ላገኘች ደራሲ መጽሐፉ የሳሳ ነው። እኔም መጀመሪያ ሳነበው «በቃ፣ ደክማለች» ብዬ ዘጋሁት። ኋላ እንደታወቀው ግን ሕመሟ አልዛይመር ነበር፤ በ1999 ሞተች።

ይህ በሽታ የአንጎልን የነርቭ ሴሎች የሚያጠፋው ምልክቱ ከመታየቱ ከዓመታት በፊት ጀምሮ፣ ድምፁን አጥፍቶ ነው። በ2005 የታተመ ጥናት ከመጀመሪያው፣ ከመካከለኛውና ከመጨረሻው ዘመኗ ሦስት ልቦለዶቿን ቃል በቃል አነጻጸረ። የዓረፍተ ነገሮቿ አገነባብ ብዙም አልተናጋም። የተመናመነው የቃላት ሀብቷ ነው፤ ብርቅዬው ቃል እየሸሸ፣ ተራው እየተመላለሰ መጥቷል። ሕመሙ ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ ብዕሯ ላይ ደርሶ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ሐያሲ ምን ይፍረድ? ለሕመሟ ሲባል መጽሐፉን ማሞገስ ደራሲዋን እንደ ሕፃን ማባበል ነው። በዚህ አንድ መጽሐፍ የዕድሜ ልክ ሥራዋን መመዘንም ግፍ ነው። ፍርዴን አላነሣም፤ መጽሐፉ ደካማ ነው። «ደክማለች» ያልኩትን ግን እመልሳለሁ። ቃል እየከዳት እንኳ ዓረፍተ ነገሯን እስከ አራት ነጥቡ አድርሳለችና።